ልጅ ለዕዳ መያዣ ይሆናልን?

ባልና ሚስት ሲለያዩ ከብቱ ይቈጠራል፤ እህሉ ይሰፈራል፤ መሬቱ በገመድ ይለካል። ቤቱም በሁለት የማይከፈል ቢሆን በሽማግሌ ፊት ተገምቶ አንዱ ለሌላው ዋጋውን ይሰጣል። ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ግን በምድጃው አጠገብ ሳይከፈል የቀረ አለ፤ እርሱም ልጅ ነው። አንባቢ ሆይ፥ ልጅ በምን ይሰፈራል? በምንስ ገመድ ይለካል?

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባለው ገጠር የቀድሞው ልማድ ለዚህ ጥያቄ ፈጣን መልስ ነበረው። በብዙ ቤት ጡት ያልጣለ ሕፃን ከእናቱ ጋር ይቈያል፤ ከዚያ በኋላ ወንዱ ወደ አባቱ ይሄዳል፥ ሴቲቱ ከእናትዋ ጋር ትቀራለች። ምክንያቱም ግልጥ ነው። ወንዱ ልጅ ከብት ይጠብቃል፥ ሲያድግም ሞፈር ይይዛል፤ ሴቲቱ ውኃ ትቀዳለች፥ እንጨት ትለቅማለች። እንግዲህ ልማዱ የተመለከተው የቤቱን ሥራ ነበር እንጂ የልጁን ነገር አልነበረም። ይህን የምናገረው አባቶቻችንን ለመንቀፍ አይደለም፤ የሥራ እጅ በሚያስፈልግበት አገር እጅን መከፋፈል የሚያስደንቅ አይደለም። ነገር ግን አንዱ በቈላ አንዲቱ በደጋ ያደጉ ወንድምና እኅት በገበያ ሲገናኙ እንደ ባዕድ የሚተያዩ ከሆነ፥ ያ ክፍያ ከበሬ ክፍያ በምን ይለያል?

ሕግ ይህን ነገር ቀስ በቀስ ለወጠው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ681ኛው ቍጥር የልጆች አጠባበቅ የልጆቹን ጥቅም ብቻ በመመልከት እንዲወሰን አዘዘ፤ ከባድ ምክንያት ካልተገኘ በቀር ልጅ እስከ አምስት ዓመቱ ድረስ ለእናቱ እንዲሰጥም ደነገገ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ ሕፃን ወላጆቹን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ተናገረ፤ ፍርድ ቤትም ስለ ሕፃን በሚወስነው ሁሉ የሕፃኑን ደኅንነት እንዲያስቀድም አዘዘ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፥ በአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ፥ አዋጅ ቍጥር 79፥ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ከቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች አንሥተው ለፍርድ ቤት ሰጡ። የ1992ቱ ሕግ በ113ኛው ቍጥር ዳኛው ፍቺውን ሲወስን ልጆቹ ከማን ዘንድ እንደሚኖሩ፥ ስለ ትምህርታቸው፥ ስለ ጤናቸው፥ ስለ ቀለባቸው፥ ወላጆችና ልጆችም ስለሚጠያየቁበት መንገድ በዚያው ጊዜ እንዲወስን ያስገድደዋል። የአምስት ዓመቱን ቍርጥ በዚህ ሕግ አታገኘውም፤ በእርሱ ፈንታ ዳኛው የባልና የሚስቱን ገቢ፥ ዕድሜ፥ ጤናና አኗኗር፥ የልጆቹንም ዕድሜና ጥቅም እንዲመረምር ታዝዟል።

የእነዚህን ሕጎች ቍጥር የጻፍሁልህ ጠበቃ እንድትሆን አይደለም፤ አንድ ነገር እንድታስተውል ነው እንጂ። የቀድሞው ጥያቄ «ልጁ የማን ነው?» የሚል ነበር፤ የአሁኑ ጥያቄ «ለልጁ የሚበጀው ምንድን ነው?» የሚል ነው። በመጀመሪያው ጥያቄ ልጁ ንብረት ነው፤ በሁለተኛው ጥያቄ ልጁ ራሱ ባለ ጉዳይ ነው። ዳኛው ጥያቄውን ለውጦታል። ወላጆቹ ግን ከችሎት ወጥተው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ብዙ ጊዜ የቀድሞውን ጥያቄ እንደ ያዙ ይመለሳሉ፤ ክፋቱ ሁሉ የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ልግለጥልህ። በቡሬ ገበያ በርበሬ የሚነግድ ሰውና በፍኖተ ሰላም እንጀራ ጋግራ በመሸጥ የምትተዳደር ሴት ተፋቱ እንበል። ስድስት ዓመት የሆነው ወንድ ልጅ አላቸው። ፍርድ ቤቱም ልጁ ከእናቱ ጋር ይደግ፤ አባቱ በየወሩ ይህን ያህል ብር ቀለብ ይክፈል፤ በየአሥራ አምስት ቀኑም ቅዳሜ ጧት ወስዶ እሑድ ማታ ይመልሰው ብሎ ወሰነ። ሦስት ወር መልካም ሆነ። በአራተኛው ወር የበርበሬው ዋጋ ወደቀ፥ ወይም ሰውዬው ሌላ ሚስት አገባ፤ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ቀለቡ ቀረ። ቅዳሜ ጧት በደጅ ቆሞ «ልጄን ስጪኝ» ሲል እናቲቱ «የልጅህን እንጀራ አምጣና ልጅህን ውሰድ» አለችው። እርሱም ተቈጥቶ ሄደ፤ በሚከተለው ወር ገንዘብ ቢያገኝም «ለማላየው ልጅ ስለ ምን እከፍላለሁ?» ብሎ አስቀረ። እነሆ፥ ሁለቱም ምክንያት አላቸው። ሁለቱም ነገራቸውን ለጎረቤት ሲያወሩ ጎረቤት እውነታችሁን ነው እያለ ራሱን ይነቀንቃል። ልጁ ግን በአንድ ወር ውስጥ እንጀራውንም አባቱንም አጣ።

እንግዲህ የምጠይቅህ ይህን ነው፤ ቀለብ ያልሰጠ አባት ልጁን ማየት ይገባዋልን?

ለመመለስ አትቸኵል። «አይገባውም» የሚሉ ሰዎች ክርክራቸው ደካማ አይደለም። እናት ሌሊት ተነሥታ ሊጥ ታቦካለች፤ ልጁ ሲታመም አዝላው ወደ ጤና ጣቢያ ትሮጣለች፤ የደብተሩንና የጫማውን ዋጋ ከማን እንደምትበደር ታስባለች። አባት በአሥራ አምስት ቀን አንድ ጊዜ ተላጭቶ፥ ንጹሕ ለብሶ፥ ከረሜላ ይዞ ይመጣል። ልጁም ቀኑን ሙሉ የሚያወራው ስለ ከረሜላው ነው። ይህ እንዴት አያቃጥላትም? ደግሞም በእጅዋ ሌላ መሣሪያ የላትም። የአፈጻጸም መዝገብ ማስከፈት ቀን ይፈልጋል፤ ማመልከቻ ማስጻፍ ገንዘብ ይፈልጋል። አባቱ ደመወዝተኛ ቢሆን ከደመወዙ ይቈረጣል፤ ነጋዴ ወይም ገበሬ ቢሆን ግን ሀብቱ የት እንዳለ ፈልጎ ማሳየት በእርስዋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ በእጅዋ ያለውን፥ እርሱም የሚሳሳለትን ያንኑ አንድ ነገር ትይዛለች። ይህችን ሴት ያለ ምርመራ ክፉ ናት የሚላት ሰው ሌሊት ሊጥ አቡክቶ አያውቅም።

ነገር ግን የያዘችው ነገር የማን እንደ ሆነ እንመልከት። በአገራችን ቀድሞ ቁራኛ የሚባል ሥርዐት ነበረ። ባለ ገንዘብና ባለ ዕዳ ልብሳቸው ተቋጥሮ፥ ወይም በሰንሰለት እጅ ለእጅ ተቈራኝተው፥ ነገሩ እስኪያልቅ ድረስ አብረው ይውሉ ነበር። ሥርዐቱ ጨካኝ ነበር፤ ቢቀርም የሚያሳዝን አይደለም። ሆኖም አንድ ፍትሕ ነበረበት፤ የሚታሰረው ራሱ ባለ ዕዳው ነበር። ጎረቤቱን ወይም መንገደኛውን ስለ እርሱ ማንም አያስርም ነበር። በእኛ ምሳሌ ግን የታሰረው ማን ነው? ስድስት ዓመት የሆነው ልጅ ብር አልተበደረም፥ ውል አልፈረመም፥ ዋስም አልሆነም። ይልቁንም በዚህ ጉዳይ ዋናው ገንዘብ ጠያቂ እርሱ ነው፤ ቀለቡ የእርሱ ነውና። ስለዚህ ዕዳው ያልተከፈለው ሰው ስለ ዕዳው ታሰረ ማለት ነው።

የመጠያየቂያው ቀን ለአባት የተቈረጠ ደመወዝ ቢሆን ኖሮ ሥራውን ባልሠራ ጊዜ መከልከሉ ትክክል በሆነ ነበር። ግን እንደዚያ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት በ1982 ዓ.ም. የተቀበሉት፥ ኢትዮጵያም በ1983 ዓ.ም. የገባችበት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ9ኛው አንቀጽ ከወላጁ ተለይቶ የሚኖር ሕፃን፥ ጥቅሙን የሚቃወም ካልሆነ በቀር፥ ከሁለቱም ወላጆቹ ጋር ዘወትር የመገናኘት መብቱ እንዲከበር ያዝዛል። የመብቱ ባለቤት ማን እንደ ተባለ አስተውል፤ አባት አልተባለም፥ እናትም አልተባለችም፤ ሕፃኑ ነው። ቀለብም እንዲሁ የእናት ደመወዝ አይደለም። ሁለቱም የአንድ ሰው ገንዘብ ናቸው፤ ያም ሰው ገና ጥርሱን እየነቀለ ያለ ልጅ ነው። እናቲቱ «ቀለቡ ካልመጣ አታየውም» ስትል፥ ሳታውቀው ልጅዋን «አባትህ እንጀራህን ስለ ነጠቀህ እኔ ደግሞ አባትህን እነጥቅሃለሁ» ማለትዋ ነው። እንዲህ ተብሎ ቢነገራት ራስዋ ትደነግጥ ነበር።

አባት ሆይ፥ አሁን ወደ አንተ እመለሳለሁ፤ ከአንተ ጋር ያለኝ ነገር ይበረታልና። ሁለቱን በደሎች በሚዛን ብናስቀምጣቸው እኩል አይመዝኑም። የአባትን ፊት ማጣት ልጅን ቀስ ብሎ በዓመታት ይጎዳል፤ እንጀራን ማጣት ግን ዛሬ ማታ ይጎዳል። ሆድ ቀጠሮ አይቀበልም። ልጅህን የከለከለችህ እንደ ሆነ መንገድ አለህ፤ ውሳኔውን ይዘህ ወደ ወሰነው ፍርድ ቤት ሂድ፥ አቤት በል፤ ቅር ቢልህም ይግባኝህን በፍኖተ ሰላም ላለው ለዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቅርብ። ቀለቡን ግን በዚያው ወር ክፈል፤ እርስዋ አልቀበልም ብትል በፍርድ ቤቱ በኩል አስገባና ደረሰኙን ያዝ። «አላየውምና አልከፍልም» የሚለው ቃል በችሎት ፊት መከላከያ አይሆንልህም፤ በኅሊናህም ፊት ሊሆንልህ አይገባም። ለአዲሱ ቤት ቆርቆሮ የገዛ ሰው ለቀድሞው ልጁ ደብተር መግዣ አጣሁ ሲል ማን ያምነዋል?

በእውነት ያጣ አባትም አለ። ስለ እርሱ ጥቂት ልቈይ፤ ብዙ ጊዜ አይነገርለትምና። በአገራችን ባዶ እጅ ሆኖ ወደ ዘመድ ቤት መሄድ ነውር ነው፤ ባዶ እጅ ሆኖ ወደ ገዛ ልጅ መሄድ ከዚያ ይብሳል። ስለዚህ ያጣው አባት አንድ ቅዳሜ ይቀራል፤ በሚመጣው ቅዳሜ ሁለት እጥፍ ይዤ እሄዳለሁ ይላል፤ ሁለት እጥፉን አያገኝም፤ በሦስተኛው ቅዳሜ የቀረበትን ምክንያት የሚናገርበት አፍ ያጣል። እንዲህ እያለ ኀፍረቱ ዓመት ይሆናል። ከዚያም ወደ መተከል ወይም ወደ ወለጋ ለሥራ ይወርዳል። ሰዎች «ልጁን ጣለ» ይሉታል፤ እርሱ ግን መጀመሪያ የጣለው የራሱን ፊት ነው። ይህ ሰው ማድረግ የሚገባው ቀላል ሆኖ ሳለ ለኩራት ከባድ ነው። የቀለቡ መጠን በአቅም ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ፥ ገቢው ቢቀንስ መጠኑ እንዲቀነስለት ፍርድ ቤቱን ይጠይቅ፤ ውሳኔው ሁኔታው ሲለወጥ ሊታይ የሚችል ነው። በቅዳሜውም ባዶ እጁን ይምጣ። ልጁን ይዞ ወደ ላህ ወንዝ ዳር ቢወርድ፥ ድንጋይ ወደ ውኃ ቢወረውሩ፥ ያ ቀን ብር አያስከፍልም። እናቲቱም ባዶ እጁን የመጣውን ሰው በሩን ትክፈትለት፤ ከከረሜላው ይልቅ ይህ መምጣት ይበልጣልና።

በዚህ ነገር ሰዎች የንጉሥ ሰሎሞንን ፍርድ መጥቀስ ይወዳሉ፤ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ በ3ኛው ምዕራፍ ያለውን ማለቴ ነው። ከእርሱም ተነሥተው እናትን «እውነተኛ እናት ብትሆኚ ኖሮ ትለቂው ነበር» ይሏታል። እኔ ይህ ጥቅስ ያለ ቦታው የገባ ይመስለኛል። በሰሎሞን ፊት ከቆሙት ከሁለቱ ሴቶች አንዲቱ ሐሰተኛ ነበረች፤ ንጉሡም ሊያውቅ የፈለገው እናቱ ማን እንደ ሆነች ነበር። በእኛ ዳኛ ፊት የሚቆሙት ግን አንዱ እናት ሌላው አባት ነው፤ ሐሰተኛ የለባቸውም። እንግዲህ የሚለቀው ይወዳል፥ የማይለቀው አይወድም ተብሎ ሊፈረድ አይቻልም። አንዳንዱ ስለሚወድ ሳይሆን ስለ ሰለቸው ይለቃል። አንዳንዱም ስለሚወድ ሳይሆን ለመሸነፍ ስላልፈቀደ ይይዛል።

«ሁልጊዜ ይገናኙ ትላለህን? ሚስቱን ሲደበድብ የኖረውን፥ ልጁንም የሚመታውን፥ ሰክሮ የሚመጣውንስ?» ብለህ ትጠይቀኝ ይሆናል። አይደለም፤ እንዲህ አልልም። ሕጉ ራሱ «የሕፃኑን ጥቅም የሚቃወም ካልሆነ» ብሎ በሩን ትቶአል። ዱላ ባለበት ቤት መጠያየቅ ሊከለከል፥ ወይም ሌላ ሰው ባለበት ብቻ እንዲሆን ሊታዘዝ ይገባል። በዚህ ላይ የአንዳንድ ሽማግሌዎቻችንን ልማድ መውቀስ አለብኝ፤ ሴቲቱ የተሰበረ ክንድዋን ስታሳያቸው «ለልጅሽ ስትዪ ታገሺ» ይሏታል። ስለ ልጁ ከሆነ እንዲያ ያለውን ነገር እንዳያይ ማድረግ ነበረባቸው። ሆኖም ይህ በር ሰፊ መስሎ እንዳይታይ እለምናለሁ። አደጋ አለ የሚል ሰው ለዳኛ ይንገር፥ ምስክር ያቅርብ፥ የሐኪም ማስረጃ ያሳይ። ቀለብ በቀረበት ወር ብቻ የሚነሣ፥ ቀለብ በመጣበት ወር የሚረሳ የ«ሰካራም ነው» ክስ ግን በእውነት ዱላ የቀመሱትን ሴቶች አቤቱታ ያረክሳል።

የዳኛ ቃል ከሕፃኑ ደጅ ሳይደርስ የሚቀርበት ጊዜ እንዳለ ለማየት ለጥቂት ጊዜ ወደ ሩቅ አገር ልውሰድህ። በእንግሊዝ አገር ቀድሞ ልጅ በሕግ የአባቱ ነበር፤ እናት ልጅዋን የምታየው ባል ሲፈቅድ ብቻ ነበር። ካሮሊን ኖርተን የምትባል ጸሓፊ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1836 ከባልዋ በተለየች ጊዜ ባልዋ ሦስቱን ወንዶች ልጆችዋን ወሰደባት። እርስዋም ዝም አላለችም፤ ጽሑፍ እያሳተመች የሕግ አውጪዎችን ልብ አነሣሣች። በ1839 ሕግ ወጣ፤ እናት ሰባት ዓመት ያልሞላውን ልጅ ለማሳደግ፥ ከዚያ በላይ የሆነውንም ለማየት ለዳኛ ማመልከት እንድትችል ፈቀደ። ሴትዮዋ ለአገሩ እናቶች በሩን ከፈተች። የራስዋ ልጆች ግን በስኮትላንድ ነበሩ፤ ያም ሕግ በስኮትላንድ አይሠራም ነበር። በ1842 የመጨረሻው ልጅዋ ዊልያም ከፈረስ ወድቆ ቈሰለ፤ እናቱ ተጠርታ ስትደርስ ሞቶ አገኘችው።

በእኛ አገር የፍርድ ቤት ውሳኔ ዓባይን ተሻግሮም ይሠራል፤ በዚህ ከዚያች ሴት ይልቅ ተጠቅመናል። ነገር ግን ውሳኔው በራሱ እግር አይሄድም። አባት ልጁን ይዞ ከቡሬ በነቀምት መንገድ ዓባይን ቢሻገር፥ በፍኖተ ሰላም የቀረችው እናት ወረቀትዋን ይዛ የምትከተለው በምን ገንዘብ ነው? እናት ልጁን ይዛ ወደ አዲስ አበባ ብትገባና የምትኖርበትን ሰፈር ብትሸሽግ፥ ገበሬው አባት በእርሻ ወራት ምን ቀን ተርፎት ይፈልጋታል? ደግሞም በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ውጊያ ከተነሣ በኋላ መንገድ በተዘጋባቸው ቀኖች ስምም ቃልም የጠበቁ ወላጆች እንኳ ቅዳሜያቸውን ሊያጡ ግድ ሆነባቸው። እንዲህ ባለ ጊዜ «አልመጣህም» ብሎ የቀሩትን ቀኖች እንደ ጥፋት የሚቈጥር ሰው ልቡን ይመርምር። መንገዱ ሲከፈት ያለፈውን ቀን መተካት ማንንም አያደኸይም።

ወላጆቹ ሁለቱም በሌሉበትስ? ዛሬ እናት ወደ ዓረብ አገር ለሥራ ትሄዳለች፥ አባት ሌላ ትዳር ይመሠርታል፥ ልጁ ከአያቱ ወይም ከአክስቱ ዘንድ ያድጋል። ከዓመታት በኋላ አንዱ ተመልሶ «ልጄን» ይላል። ስለዚህ ነገር የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቍጥር 23632 የሰጠውን ፍርድ የተማረ ሰው ሁሉ ቢያውቀው መልካም ነው። አክስቱ ለብዙ ዓመታት ያሳደገችውን ልጅ አባቱ በሕግ ሞግዚቱ እኔ ነኝ ብሎ ጠየቀ፤ የበታች ፍርድ ቤቶችም ለአባቱ ፈረዱ። ሰበር ሰሚው ችሎት ግን ሕገ መንግሥቱንና የሕፃናት መብቶች ስምምነትን መሠረት አድርጎ፥ የሕፃኑ ጥቅም ከወላጅነት ስም እንደሚቀድም ገልጦ ፍርዱን ሻረው። በ1997 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቍጥር 454 ምክንያት እንዲህ ያለው የሰበር ትርጓሜ የአገሩን ፍርድ ቤቶች ሁሉ የሚያስገድድ ሆኗል።

አንዳንድ አባቶች ይህን ሲሰሙ «እንግዲያ ደም ከንቱ ነው» ብለው ያዝናሉ። ከንቱስ አይደለም፤ ብቻውን አይበቃም እንጂ። ልጁ ከአክስቱ ዘንድ መኖሩ የሚበጀው ቢሆንም አባቱን ማወቁ ደግሞ ይበጀዋል፤ ማሳደግንና መጠያየቅን ሕግ ለየብቻ ያያቸዋል። አባትየው «ካልሰጣችሁኝ አላየውም» ቢል ያው የቀድሞው መያዣ ነው፤ በዚህ ጊዜ ያስያዘው ራሱን ነው ማለት ነው።

ስለ ልጁ ቃል ደግሞ ጥቂት ልበል። ያው ስምምነት በ12ኛው አንቀጽ ሐሳቡን ሊገልጥ የሚችል ልጅ በራሱ ጉዳይ እንዲሰማ ያዝዛል። ይህን አንዳንድ ወላጆች በክፉ ተረጐሙት። ልጁን በመካከል አቁመው «ማንን ትወዳለህ? ተናገር» ይሉታል። ልጅም የሚበላበትን ቤት ያውቃልና የሚያበላውን ደስ የሚያሰኘውን ይመልሳል። ዳኛ ሊሰማው ቢፈልግ ለብቻው ጠርቶ ስለ ትምህርቱ፥ ስለ ጓደኞቹ፥ የት እንደሚተኛ፥ ማን እንደሚቀሰቅሰው ይጠይቀው፤ ከእነዚህ መልሶች የሚበጀው ይገለጣል። በቤት ግን «አባትህ ጥሎህ ሄደ»፥ «እናትህ ሸጠችህ» የሚለው ቃል፥ በተለይ ከአያቶችና ከአክስቶች አፍ የሚወጣው፥ ከበሩ መዘጋት ይልቅ ይከፋል። በሩ ተዘግቶ የቆመ አባት ውሳኔውን አስፈጽሞ ሊገባ ይችላል፤ በልጁ ልብ የተዘጋበት አባት ግን በየትኛው መዝገብ ያስፈጽማል?

አሁን ወደ ትንንሹ ነገር ልመለስ፤ አብዛኛው ጠብ የሚነሣው ከትንሹ ነውና። ውሳኔ ስታስጽፉ «በየጊዜው ይጠይቀው» የሚል ቃል አትቀበሉ፤ ቀኑ፥ ሰዓቱ፥ ቦታው ይጻፍ፤ የዘመን መለወጫና የፋሲካ በዓል በየዓመቱ ለማን እንደሚደርስ፥ የክረምቱ ዕረፍት እንዴት እንደሚከፈል ይጻፍ። ቅዳሜ ለእናቲቱ የገበያ ቀን ከሆነ እሑድ ይሁን፤ ወቅቱ የአጨዳ ከሆነ ለአባቱ ቀኑ ይለወጥለት። ልጁን ተቀብሎ ለመስጠት የቀድሞ ባልና ሚስት በአንዱ ደጅ መገናኘት ግድ የለባቸውም። ሁለቱንም የሚያውቅ የክርስትና አባት ወይም ጎረቤት ካለ በእርሱ ቤት ይሁን፤ ዓርብ ከትምህርት ቤት አንዱ ወስዶ ሰኞ ጧት ወደ ትምህርት ቤት ቢመልሰውም ሁለቱ ሳይተያዩ ነገሩ ያልቃል። ቀለቡ በልጁ እጅ አይላክ፤ ስድብም በልጁ አፍ አይላክ። ትርፍ ልብስና ትርፍ ጫማ በሁለቱም ቤት ይኑረው፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ እንደ መንገደኛ ፌስታል ተሸክሞ አይሂድ። በደብተሩም ሽፋን ውስጥ የእናቱ ስልክ ቍጥር ይጻፍለት፤ የአባቱም ከሥሩ።